መምረጫው ገጽ ባዶ የሆነ ዕለት

ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ሙሉ የተፈታ ዕቃ። ደንበኛ ገና በሩ ላይ ቆሞ "ይሠራል?" ሲለኝ "ሳላየው በምን አውቃለሁ?" እላለሁ። ጠባይሽ አስቸጋሪ ነው ይሉኛል፤ አልዋሹም። ቀኑን ሙሉ የሰው ብልሽት ሲፈታ የሚውል ሰው ማታ ላይ ትዕግሥት ከየት ያመጣል?

አባዬ የፍርድ ቤት ታይፒስት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምስክር ሲናገር እየሰማ ጽፏል፤ ጣቶቹ ፊደሎቹን ሳያይ ነው የሚያገኟቸው። ዓይኑ ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ እየደከመ ሄዶ አሁን የሰው ጥላ እንጂ ፊት አይለይም። መሥሪያ ቤቱ ሊያሰናብተው ደብዳቤ አርቅቆ ነበር። የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ደግ ሴት ናቸውና አንድ ዕድል ሰጡት። የተቀዳ የችሎት ድምፅ እየሰማ ይጻፍ፣ የጻፈውን መልሶ የሚያነብለት ኮምፒውተር ደግሞ ይዞ ይምጣ አሉ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ፊታቸው ሠርቶ ካሳየ ሥራው ላይ ይቆያል፤ ካላሳየ ደብዳቤው ይወጣል። ነገሩ ይኸው ነው።

የሚያነብ ኮምፒውተር ማዘጋጀት እንግዲህ የእኔ ፋንታ ሆነ። ያለችኝ ላፕቶፕ አሮጌ ናት፣ ከባድ ነገር አትችልም፤ ስለዚህ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም ልጭንባት ወሰንኩ። ሊኑክስ ሲጫን አንድ ገጽ ላይ ምን ምን ፕሮግራም አብሮ እንዲገባ እንደሚፈለግ ይጠይቃል። ከምርጫዎቹ አንዱ ማየት ለተሳናቸው የተዘጋጀ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል፣ በእኛው ቋንቋ ጭምር። አነጋገሩ አፍንጫውን ይዞ የሚያወራ ሰው ቢመስልም ይሰማል። የመጫኛ ፋይሎቹን የሰጠኝ ሽቦ ነው። ሽቦ የምንለው ኮሌጅ ውስጥ የኔትወርክ ሠራተኛ የሆነ ጓደኛዬን ነው፤ ከሥራውም ከቅጥነቱም የተነሳ ዋና ስሙን የሚያስታውስ የለም። ረቡዕ ሰጠኝ፣ ሱቅ ያለው ኮምፒውተሬ ላይ ገለበጥኩት፣ ሐሙስ ከዚያ ወደ ፍላሽ አዛወርኩት።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬን ይዤው ሱቅ መጣሁ። ድምፁን ራሱ ሰምቶ፣ ፍጥነቱንም ራሱ እንዲመርጥ ብዬ ነው። ወንበር ሰጥቼው ፍላሹን ሰካሁና፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ልዋስ ጎረቤቴ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ብቅ አልኩ። ስመለስ አባዬ ላፕቶፗ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ፍላሹን በጣቱ ይዳብሳል። አብርቼ መጫን ጀመርኩ።

ቋንቋ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ሰዓት ጠየቀኝ፣ መለስኩ። የፕሮግራም መምረጫው ገጽ ላይ ስደርስ ባዶ ነው። በግራ በኩል አሥራ ምናምን ምርጫ መደርደር ነበረበት፤ አንድ የለም። በቀኝም የለም። አጥፍቼ አበራሁ። ባዶ። ፍላሹን በሌላኛው ቀዳዳ ሰካሁት። ባዶ። ያን ጊዜ ዞር ብዬ አባዬን አየሁት።

"ፍላሹን ምን አደረግከው?"

ምንም፣ መሰካቱን ለማወቅ ነካ አድርጌው ነው፣ ምናልባት ትንሽ ሳይንቀሳቀስ አልቀረም አለኝ። ደሜ ፈላ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የሚከተለውን ተናግሬ ሳልጨርስ ነው የቆጨኝ፤ ግን ተናገርኩት።

"የማታየውን ነገር ለምን ትነካለህ?"

እጆቹን ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ወንበሩን እየጎተተ በሩ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። እኔም ወደ ሥራዬ።

ሌላ ፍላሽ ፈልጌ ፋይሎቹን ከሱቁ ኮምፒውተር እንደገና ገለበጥኩ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እሱም ባዶ። እዚያ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ፤ ሁለተኛውን ፍላሽ አባዬ አጠገቡም አልደረሰ። የተናደደ ሰው ግን ሁለትና ሁለት መደመር ያቅተዋል። ላፕቶፗን ተጠራጠርኩ፤ ሜሞሪዋን አውጥቼ አጽድቼ መለስኩ። ባዶ። አንድ ደንበኛ ሊሠራለት የሰጠኝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ፣ ገጹን ብቻ ልየው ብዬ ሞከርኩ። ባዶ። መሀል ላይ አንድ ሰው ፕሪንተሩ ወረቀት እንደሚጎርስበት ሊነግረኝ መጣ። "ሰኞ ከሰዓት" ብዬ መለስኩት፤ ደህና ዋይም ሳይለኝ ሄደ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሽቦ ጋ ደወልኩ። የሰጠኸኝ ነገር ጎደሎ ነው አልኩት። እሱ ደግሞ በዚሁ ፋይል አርባ የኮሌጅ ኮምፒውተር ጭኛለሁ፣ ጎደሎው አንቺ ጋ ነው አለኝ። ተጨቃጨቅን። እኔ ምንም አልነካሁም፣ ነክቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልኩ፤ ካልኩ በኋላ ነው በሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ ትዝ ያለኝ። አባዬ ቀና እንኳ አላለም። እንደገና ስጠኝ ስለው፣ ዋናው ኮሌጅ ነው ያለው፣ ኮሌጁ እስከ ሰኞ ዝግ ነው አለ። የእኔ ኢንተርኔት ደግሞ እንዲህ ያለ ግዙፍ ነገር ለማውረድ ሳምንት ይፈልጋል። ሽቦ ግን ሰው ነው፤ ስልኩን አልዘጋብኝም። የፕሮግራሞቹ ፓኬጆች የተቀመጡበትን ፎልደር ክፈቺና ቁጥራቸውን ንገሪኝ አለ። ከፍቼ ነገርኩት። አንድም አልጎደለም። 

ይሄኔ አባዬ ከበሩ ላይ ተናገረ። ድምፁ ቀዝቃዛ ነበር፣ ለእኔ ሳይሆን ለመንገዱ የሚያወራ ይመስላል። መዝገብ ቤት ወደ አዲሱ ሕንፃ የተዛወረ ጊዜ፣ አለ፣ ማውጫው ደብተር አብሮ ሳይመጣ ቀረ። ፋይሎቹ ሁሉ መደርደሪያው ላይ ነበሩ፣ አንድ ወረቀት አልጠፋም። ባለጉዳይ ሲመጣ ግን ጸሐፊው ማውጫ ስለሌለው "እንዲህ የሚባል መዝገብ የለም" እያለ ይመልሰው ነበር። ዓመት ሙሉ ሰው መዝገቡ እያለ የለም እየተባለ ተንከራተተ። 

ሱቋ ጠባብ ናትና ሽቦ በስልኩ ሰምቶታል። "እሳቸው ልክ ናቸው። ማውጫው አለ? ዝርዝሩ የሚቀመጥበትን ፎልደር ክፈቺው" አለኝ።

ከፈትኩት። አምስት ፋይል አለ። ስድስት መሆን አለበት አለ ሽቦ፤ ፓኬጆቹን በየወገናቸው የሚመድበው የለም፣ መምረጫው ገጽ ምርጫዎቹን የሚያነበው ከእሱ ነው፣ እሱ ከሌለ ፓኬጁ ቢሞላም ገጹ ባዶ ይሆናል። የፋይሉን ስም ያነብልኝ ጀመር። ስም ከተባለ ነው፤ ቁጥርና ፊደል የተዘበራረቀበት፣ አንድ ክንድ የሚሆን፣ ሕፃን ኪቦርድ ላይ የተቀመጠበት የሚመስል ነገር። ግማሹን ሳያነብ እኔ ቀዝቅዤ ቀረሁ።

ሱቄ ግድግዳ ላይ በራሴ እጅ የጻፍኩት ወረቀት አለ፤ "የማታውቂውን ፋይል ሳትከፍቺ አጥፊ" ይላል። ደንበኞቼ ፍላሻቸውን ከየኢንተርኔት ቤቱና ከየማተሚያ ቤቱ ቫይረስ አስይዘው ነው የሚያመጡልኝ፤ ቫይረስ ደግሞ ስሙ እንዲህ የተዘበራረቀ ነው። ስለዚህ ያጋጠመኝን ሁሉ እየጠረግኩ ነው ሥራ የምጀምረው፣ እጄ ራሱ ለምዶታል። ሐሙስ ዕለትም ወደ ፍላሹ ከመገልበጤ በፊት ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ያንን ስም አይቼ "ይሄ ደግሞ ምን አባቱ ነው" ብዬ ጠራርጌዋለሁ። ሌሎቹ አምስቱ እንዴት እንደተረፉ አላውቅም፤ ምናልባት ደንበኛ ጠርቶኝ ይሆናል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏችኋል እኔ ነኝ።

ለሽቦ በሹክሹክታ ነገርኩት። ሳቀብኝ፣ ደስ እስኪለው ሳቀ። ያቺ ፋይል ብቻዋን በጣም ትንሽ ናት፤ ከኢንተርኔት አውርዶ በስልክ ላከልኝ፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ደረሰች። ቦታዋ አስገብቼ እንደገና አስነሳሁ። ቋንቋ፣ ሰዓት፣ ከዚያ መምረጫው ገጽ። ሁሉም ተደርድሯል። ለቢሮ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሰርቨር፣ ከታች ደግሞ ማየት ለተሳናቸው። እሱን መረጥኩና ጫን አልኩት።

አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሲያልቅ አጥፍቼ አበራሁ፤ ላፕቶፗ በዚያ አፍንጫዋን በያዘች ድምፅ "እንኳን ደህና መጡ" አለች። አባዬ ተነስቶ ይመጣል ብዬ ዞር አልኩ። አልተነሳም።

ተገኘ ወይ አለኝ። ተገኘ አልኩት።

"ጥሩ ነው። ለሰው ስጪው፣ ይጠቀምበት። እኔ ሰኞ አልሄድም" አለ። ምን ሆነህ ነው ስለው እጆቹን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ቀጠለ። "ዛሬ የልጄን ዕቃ አበላሸሁ። ነገ የችሎት መዝገብ ባበላሽ የሰው ፍርድ ነው። ለሬጅስትራሯ ደውይና ደብዳቤውን ያውጡት በያቸው።"

ውሸቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ፍላሹ አርጅቶ ነው ብል ማን ያውቃል? ሽቦ አይነግረው፣ የግድግዳውን ወረቀት እሱ አያነበው። ግን የነካው ፍላሹን ነው፤ ፍላሹ ነው ካልኩት አሁንም "በእኔ ጥፋት ነው" እንዳለ ይቀራል። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቃል ሳያዛባ የጻፈ ሰው በእኔ የተነሳ እጁን ሊፈራው ነው። ከወንበሬ ተነስቼ ሄድኩና ፊቱ ቁጢጥ አልኩ።

"አባዬ፣ ፋይሉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት፣ ቫይረስ መስሎኝ። አንተ ምንም አላደረግክም።"

የሰማኝ አልመሰለኝም። ከዚያ በቀስታ፣ ምስክር እንደሚያጣራ ሰው ጠየቀኝ።

"ስነካው አይደለም የጠፋው?"

"አይደለም። አንተ ስትነካው ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።"

"ፍላሹንም አላበላሸሁትም?"

አላበላሸህም አልኩት። ይቅርታም ጠየቅኩት፣ ለፋይሉ ሳይሆን ለተናገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጣኝ በወደድኩ። አልተቆጣኝም። በመዳፉ ፊቱን ከላይ እስከ ታች አንዴ አበሰና ተነሳ። ወንበሩን ራሱ እየጎተተ ጠረጴዛው ድረስ መጣ፣ ላፕቶፗ ፊት ተቀመጠ። እጆቹን ወደ ቁልፎቹ አነሳቸው፤ ሊያሳርፋቸው ጥቂት ሲቀረው አቆማቸውና ድምፄ ወዳለበት ዞረ።

"አሁን ልንካው?" አለኝ።

አባቴ እኮ ነው። ያስተማረኝ፣ ያሳደገኝ፣ የመጀመሪያዋን ፊደል በጣቴ ያስጫነኝ ሰው ፈቃድ ጠየቀኝ። "ንካው" አልኩትና ሁለቱን እጆቹን ይዤ ቁልፎቹ ላይ አሳረፍኳቸው።