የአጫጆች ዜማ

ጀይሉ በንጉሡ ዘመን ደሴ ላይ ለአንድ ዳንስ ቤት ጊታር ይመታ ነበር። አብዮቱ ሲፈነዳ ዳንስ ቤቱ ተዘጋና አገሩ ከሚሴ ገባ፤ የቀበሌው የኪነት ቡድንም ወዲያው መለመለው። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት የማሽላ አጨዳ ዘመቻ ሲታወጅ፣ «በሦስት ቀን አዲስ ዘፈን አድርሱ» ተባሉ። ዜማ ከየት ይምጣ? ጀይሉ ሲጨንቀው፣ ደሴ ሳለ ወጣቱን ያስጨፍርበት ከነበረው የፈረንጅ ሮክ ኤንድ ሮል አንዱን አንስቶ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ የአጨዳ ግጥም አለበሰው። ምስጢሩን የምታውቀው ድምፃዊቷ ዓዲላ ብቻ ነበረች።

በዕለቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዓዲላ ገና ሁለተኛውን ቤት ስትጀምር ገበሬው ለጭፈራ ከመቀመጫው ተነሣ። ከሌላ ክፍለ ሀገር በቅርቡ ደሴ የተመደበው ካድሬ ግን ከፊት አግዳሚ ላይ ሳይንቀሳቀስ የጀይሉን ጣቶች ያያል። ድንገት እጁን አነሣ። ከበሮው ቆመ።

«ጓድ፣ ይህ ዜማ የማነው?»

ጀይሉ ዓዲላን አያት። «የኢምፔሪያሊስት ዘፈን ዘፈንክ» ተብሎ የታሰረ ወዳጅ ነበረው፤ እስካሁን አልተፈታም።

«የእኛው የጨፋ ሜዳ አጫጆች ነው» አለች ዓዲላ ፈጠን ብላ።

ካድሬው ወደ ሕዝቡ ዞረና ምርኩዛቸውን ተደግፈው የቆሙትን ሽማግሌ፣ አያ ሙሄን ጠቆመ። «አባት፣ እርስዎ ያውቁታል?»

ሽማግሌው የጀይሉን ፊት አንዴ አዩት። «ኤዬ፣ እንዴታ! አባቴ ሲያጭድበት እየሰማሁ ነው ያደግሁት።»

የካድሬው ፊት ፈታ አለ። «እንግዲያው እሑድ ደሴ መጥታችሁ ታሳያላችሁ!»

ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ጀይሉ ግን ያሰበው የደሴን ሰው ነበር። ደሴ ያንን ዜማ የማያውቅ ጎልማሳ የለም። ቢታወቅ ደግሞ የሚጠየቀው እሱ ብቻ አይደለም፤ ዓዲላም፣ ሽማግሌውም ናቸው።

በማግስቱ ለዘመቻው ጨፋ ወርደው ማሽላ ሲያጭዱ፣ ጀይሉ ወደ ዳር ፈቀቅ አለ። ዙሪያውን ቃኘ። «አላህ ይቅር በለኝ» ብሎ ግራ እጁን አገዳው ላይ አስደገፈና ማጭዱን በጣቶቹ ላይ ሳበ።

ዓዲላ ሮጣ ደርሳ ሻሿን ቀድዳ እያሰረችለት፣ «አዳልጦህ ነው?» አለችው። ራሱን ሲነቀንቅ ዓይኑን አየች። «ያ አላህ፣ ምን አደረግህ!»

«ጊታር መቺ የሌለው ቡድን ደሴ አይጠራም» አላት ጥርሱን ነክሶ።

እንዳለውም ሆነ። በእነሱ ፋንታ ሌላ ቡድን ሄደ፤ ስለ ዜማውም የጠየቀ የለም። ቁስሉ በወሩ ጠገገ፣ ሁለቱ ጣቶቹ ግን አልታጠፍ አሉ። ጀይሉ ጊታሩን ለቀበሌው አስረከበና የአባቱን በሬዎች ጠመደ።