ቀድሞ የመጣ ትንፋሽ

ከግድግዳው ወዲያ የተባለው ነገር ዛሬ ግማሹ ብቻ ነው ትዝ የሚላት። ታናሽ ወንድሟና ጓደኛው የቪዲዮ ጨዋታቸውን አቁመው ይሟገቱ ነበር። አንደኛው፣ «ይሄን ጨዋታ ፊልም ቢያደርጉት፣ እጁን አጣጥፎ ለተቀመጠ ሰው ምን ይገባዋል?» አለ። ሌላው፣ «ፊልም ከሆነ በራሱ እግር ይቁም፤ የኛ እጅ ምን ያደርግለታል?» አለ። ማን የቱን እንዳለ ጠፍቷታል። ያን ጊዜ እሷ ልብስ እየተኮሰች ነበር፤ ነገራቸውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

ዘመን አለፈና ፊልሙ ተሠራ። ከሌላ ቋንቋ ለሚመጣ ፊልም ድምፅ ማልበስ መተዳደሪያዋ ነው፤ የልጅ ድምፅ ሲፈለግ የምትጠራው እሷ ናት። የዚህኛው ጀግና ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ ከተቃጠለች ከተማ የሚሸሽ ልጅ ነው። ብዙ አይናገርም፤ ሥራው መተንፈስ ነው።

ወንድሟን የሰፈሩ ልጆች «አውራ ጣት» ይሉት ነበር፤ በዚያ ጨዋታ የሚደርስበት አልነበረማ። አምና የነርቭ በሽታ ሁለት እጁን አደነዘዘው። ቁልፍ መጫኑ ቀርቶ ማንኪያም ይከዳው ጀመር፤ በዚያ ስም የሚጠራውም ጠፋ። ማሽኑ ቁም ሣጥን ላይ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፤ እሱ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር። አይቆጣም፣ አያለቅስም፤ «ደህና ነኝ» ብቻ ይላል። እሷም ከመልመዷ ብዛት ማዘኑን ትታዋለች። ስትጸልይ ስሙን ትጠራለች፤ ምን እንደምትለምንለት ግን ግራ ይገባታል።

በቀረጻው ክፍል፣ ሁሉም «ጋሼ ጆሮ» የሚሉት የድምፅ ባለሙያ የድልድዩ ዝላይ ላይ አስቆማት።

«እመቤቴ፣ ልጁ ገና መሬት ላይ ነው። አንቺ ዘለሽ ጨረስሽ።»

ፈገግ ብላ ደገመችው። አሁንም ቀደመች። ሌላም ሞከረች፤ ያው ነው። ጋሼ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ፣ ይሄን ትንፋሽ ከየት እንዳመጣችው ጠየቃት። ያኔ ነው የገባት። የወንድሟ ትንፋሽ ነው፤ በግድግዳ በኩል ስንት ዓመት የሰማችው። ተጫዋች የሚተነፍሰው ቁልፉን ሲጫን ነው፣ ልጁ ከመዝለሉ በፊት። የጨዋታውን ምስል እሷ አይታው አታውቅም ነበር።

ጋሼ ጆሮ ታሪኩን ስትነግረው በትዕግሥት ሰማት። ተመልካች ግን እጁ ላይ ያለው ፈንዲሻ ነው አላት፤ ትንፋሹ ከልጁ ካልወጣ ፊልሙ የሌላ ነገር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ነገ እንድትደግመው ተቀጣጠሩ። ማስተካከሉ እንኳ አያቅታትም። የከበዳት የወንድሟን ትንፋሽ በገዛ አፏ ማጥፋቱ ነው። ከዚያ ሁሉ ጨዋታ የተረፈው ያ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ቤት ገብታ፣ ነገ አብሯት ሄዶ እንዲያይ ለመነችው።

«እጄን ይዤ ምን ልሠራ?» አለ፣ ፊቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ።

«ታያለሃ። እንደ ሰው።»

«እንደ ሰው ማየት አላውቅበትም።»

የድሮውን ሙግት አነሣችበት፤ በራሱ እግር ይቁም ያልከው አንተ አልነበርክም ወይ አለችው።

«ጓደኛዬ ነው። እኔ አይቆምም ነው ያልኩት።»

ውሃ አቀበለችው። ብርጭቆውን በመዳፎቹ አጣብቆ ጠጣ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ድልድዩ ላይ ምን እንደገጠማትና ትንፋሹ የማን እንደነበር ነገረችው።

«እዚያ ጋ እተነፍስ ነበር?»

«ሁልጊዜ። መውደቅህን እንኳ በትንፋሽህ ነበር የማውቀው።»

እጆቹን አያቸው፤ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ እንደሚያይ።

«ልጁስ?» አለ በመጨረሻ። «ልጁ መቼ ነው የሚተነፍሰው?»

«ጋሼ ጆሮ፣ ልጁ ዘሎ ሲያርፍ ነው ይላል። እኔ እንጃ።»

«እሺ» አለ። «ፊልሙ በራሱ እግር ባይቆምም እኔ ተቀምጬ አየዋለሁ። ጠዋት ኮቴን ትቆልፊልኛለሽ፤ እሄዳለሁ።»