የአጨብጫቢው ስም

«ተራህ ነው ወንድሜ። ወይ ጣል ወይ ተነስ» አለ ጉታ።

ጃኬታሙ ሰውዬ አልቸኮለም። ከንፍሮው አንድ እፍኝ ወደ አፉ ወርውሮ ካርታውን ቀስ ብሎ ጣለ። ከትናንት ጀምሮ ከዚህ የለቅሶ ድንኳን አልወጣም። ከሱሉልታ ነው የመጣሁት፣ የሟች ወዳጅ ነኝ ይላል። የሟች ወዳጅ ሆኖ አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኑን አልጠረገም፣ አንድ ጊዜ እንኳ በካርታ አልተበላም።

«ከዲሪርሳ ጋር በምን ተዋወቃችሁ?» አለው ጉታ።

«በሥራ።»

«ዘፋኝ ነህ?»

«አይ፣ አድማጭ ነኝ።»

እንጨት ሻጩ ማርቆስ ከጠረጴዛው ሥር የጉታን እግር ረገጠው። ዝም በል ማለቱ ነው። ጉታ ደግሞ ዝም ማለትን የሚያስተምሩበት ክፍል ሳይደርስ ነው ትምህርት ቤት ያቋረጠው።

ቡራዩ እንዲህ ጭር ብላ አታውቅም። ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል። ማስተር ፕላኑን ተቃውመው የወጡት ልጆች መንገድ የዘጉበት ድንጋይ ዳር ዳሩን እንደተከመረ ነው። እሱስ ተለምዷል። ያልተለመደው የሱቆቹ ዝምታ ነው። ከታክሲ ተራው እስከ ገፈርሳ መሄጃ ያለው ሱቅ ሁሉ ለለቅሶው ክብር ብሎ ሞንታርቦውን አጥፍቷል። ዲሪርሳ በሕይወት እያለ በየሱቁ እየዞረ «ወይ ክፈሉ ወይ አጥፉት፣ የሰው ላብ ነው» ሲል ማንም አልሰማውም። ሲሞት ግን ሁሉም አጠፉለት።

በቃ አሸነፍክ ኦቦ ዲሪርሳ፣ አለ ጉታ በሆዱ። ድንኳኑ እስኪፈርስ ድረስ።

ሁለቱ ፊት ለፊት ነበሩ የሚሠሩት። የዲሪርሳ «ገፈርሳ ሙዚቃ ቤት» ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ አንድ ክፍል ነው፤ ዶሮ ብትገባ ቤቷ መስሏት ትጥልበታለች። ከመንገዱ ማዶ የጉታ ሱቅ አለ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ወንበር፣ «ሚሞሪ እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ። ዲሪርሳ ስንት ወር ለፍቶ የቀዳውን ዘፈን ጉታ በአንድ ሻይ ዋጋ ስልክ ላይ ይገለብጠዋል። ለዲሪርሳ አምስት ሳንቲም አይደርሰውም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መንገዱን ይሻገራል።

«ዛሬ ስንቱን ዘረፍክ?»

«ገና አልከፈትኩም እኮ ኦቦ ዲሪርሳ።»

«ክፈለኝ።»

«ስልክ ለስልክ የሚዞር ነገር የሁሉም ነው።»

«ገበያ መሀል የሚዞር በግስ የሁሉም ነው?»

«በግማ ሲሰረቅ ይጮሃል። ዘፈን አይጮህም።»

«እኔ እጮህለታለሁ» አለ ዲሪርሳ።

ደግሞም ጮኸ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዘፈን ሳይጀምር በራሱ ድምፅ የደከመበትን ሰው ሁሉ ስም ይጠራል። ዘፈን እገሊት፣ ኪቦርድ እገሌ፣ ጭብጨባ ማርቆስ፣ ገዝታችሁ ስሙ። ማርቆስ እንጨት ተሸክሞ ሲያልፍ ነው «ና እስቲ አጨብጭብ» ተብሎ የገባው። ተከፈለው፣ ስሙም ተጠራ። ሚስቱ አላምንም ስትለው ዘፈኑን ሦስቴ አሰማት። ጉታ ግን ያቺን የስም ጥሪ ቆርጦ ነው የሚጭነው። ደንበኛ አይወዳትም፤ «ወሬውን ቁረጥልኝና ዘፈኑን ስጠኝ» ይለዋል።

ዲሪርሳ በሚሞሪ ጫኚ ብቻ አይደለም የተጣላው። የጥሪ ማሳመሪያ የሚሸጡት ድርጅቶች ሥጋውን በልተው አጥንቱን እንኳ ለትንንሽ ሙዚቃ ቤቶች አይወረውሩም ብሎ ከሰበታ አንድ፣ ከሱሉልታ አንድ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ፈልጎ ማኅበር አቋቋመ።

«ማኅበራችሁ በአንድ ባጃጅ ይጫናል» አለው ጉታ።

«የባጃጁን ሒሳብ መክፈላችን አይደንቅህም? አንተ ብትሆን ትሰርቀው ነበር።»

አዲስ አበባ ድርጅቶቹ ዘንድ ሄደው ኮሪደር ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ተገተሩ። ከትልልቆቹ ሙዚቃ ቤቶች ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል ተባሉ። ዲሪርሳ በሌላ ሳምንት ተመለሰ፣ እንደገና ተገተረ። የሰበታው ሰውዬ ሙዚቃ ቤቱን ዘግቶ ጫማ መሸጥ ጀመረ፤ የሱሉልታው ስልክ ማንሳት ተወ። ማኅበሩ አንድ ሰው ሆኖ ቀረ።

«ለልጄ የሚያለቅስለት ጠፋ!»

የዲሪርሳ እናት የአዴ ጠጅቱ ድምፅ ነው። ድንኳኑ የተተከለው ደጁ ላይ ስለሆነ በተከፈተው በር ሴቶቹ ይታያሉ። አዴ ጠጅቱ ድምፃቸው ተዘግቶ ከጉሮሮአቸው የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆኗል። ሬሳው ሳጥኑ እንዳይከፈት ተብሎ ነው የተሰጣቸው። ታሞ ነው የሞተው ነው የተባሉት። የመንግሥት ሰዎች ይዘው የወሰዱት ጊዜ ጉንፋን እንኳ አልነበረበትም።

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ገርባ በሩ ላይ ቆመው «ጀባዱ፣ በርቺ ጠጅቱ» ይላሉ። ከበሩ ሥር ግን ሁለት ሴቶች ያንሾካሹካሉ።

«እሱ ራሱስ? በመጨረሻ ስም የነፈገው ማን ሆነና? የምስኪን ልጅ ዘፈን ወስዶ የራሱን ስም ነው የጠራው።»

«ተይ፣ የሞተ ሰው አይታማም።»

«አላማሁም፤ ዘፈኑን ራስሽ ስሚው።»

ዘፈኑንማ ማን ያልሰማው አለ። መሬቱን ሊለኩ የመጡትን ሰዎች፣ ሜትራችሁ የአባቴን መቃብር ስንት አለው ብሎ ስለሚጠይቅ ሽማግሌ ነው። የዘፈነችው ጂቱ ናት፤ አበባ እርሻ የምትሠራ፣ በሰርግ ሰርግ የምትዘፍን ልጅ። ዲሪርሳ በፍላሽ ይዞት መንገዱን ተሻገረና ጉታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ጫን። ለመጣው ሁሉ፣ በነፃ።»

ጉታ ትኩሳት አለበት እንዴ ብሎ ግንባሩን ሊነካው ምንም አልቀረው።

«መጀመሪያዋን ብቻ እንዳትቆርጣት» አለ ዲሪርሳ።

ጉታ ከፍቶ ሰማት። «ይህ የዲሪርሳ ሥራ ነው። ጥያቄ ያለው እኔን ይጠይቅ።» አለቀ። ኪቦርድ የለ፣ ጭብጨባ የለ።

«የጂቱስ ስም?»

«ቀን ሲወጣ እጨምረዋለሁ።»

ዘፈኑ ከቡራዩ ፉሪ፣ ከፉሪ ሰበታ፣ ኢንተርኔት ሳያስፈልገው ስልክ ለስልክ ሄደ። ጉታ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያልቆረጠው። ጂቱ ከሰው ስልክ ላይ ሰምታው መጣችና መሀል መንገድ ላይ «ስም ስም ስትል ኖረህ የኔን በላህ! አንተም እንደነሱ ሌባ ነህ» ብላ ጮኸችበት። ዲሪርሳ «እሺ» ብቻ ነው ያላት። ጉታ በሩ ላይ ቆሞ «እንኳን ወደ ማኅበራችን በደህና መጣህ» ብሎ ሳቀበት።

አሁን ያቺ ጂቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በአጥሩ በር ስትገባ አያት። ካርታውን ለማርቆስ አቀብሎ ወጣ።

«ለቅሶ ልትደርሺ ነው ወይስ ልታለቅሺ?»

«ምን ለየው?»

«የለየው ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ካርታ ይጫወታል። ጃኬት ለብሷል።»

«ተወኝ ጉታ። ሰደብኩት እኮ። የመጨረሻ ቃሌ ስድብ ነው። እናቱ እግር ላይ ወድቄ አለቅሳለሁ፣ ሙሾ አወርድለታለሁ። ምንም ባይሆን እሱን አልነፍገውም።»

«ስሚኝ። ሲወስዱት እኔ ሱቄ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ። ዘፋኟ ማናት አሉት። ስሟን አላውቅም አለ።»

ጂቱ ወደ ድንኳኑ ዞር ብላ ጃኬታሙን በዓይኗ ፈለገች።

«መቱት። ከሰርግ ላይ ያገኘኋት ልጅ ናት፣ አልጠየቅኳትም አለ። የአጨብጫቢውን ስም የሚጠራ ሰውዬ እኮ ነው ጂቱ! ሳቄ መጥቶ ነበር። ከዚያ ነው የገባኝ።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ቢነግርሽ ስሜ ይግባ ብለሽ ድርቅ አትይም?»

ድርቅ ትል እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ።

«አሁን ገብተሽ አፍሽን ከከፈትሽ» አለ ጉታ፣ «ያንን ድምፅ የማያውቀው የለም። ሞቱን ከንቱ ታደርጊዋለሽ። ዝም ብለሽ ተቀመጭ፣ ዝም ብለሽ ውጪ።»

ቦታው ተመልሶ ካርታውን ተቀበለ። ጥሩ እጅ ነበር የደረሰው፤ አላየውም።

አዴ ጠጅቱ ጂቱን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «መጣሽልኝ። ድምፅ ያለው ሰው አጥቼ ልጄ በደረቁ ሄደ። አልቅሺልኝ።»

ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት። ጂቱ ተንበረከከች። አፏ አልተከፈተም።

«አልቅሺልኝ እንጂ፣ ልጄ። ዘፋኜ ናት ይልሽ አልነበረም?»

የነጠላዋን ጫፍ ጥርሷ ውስጥ ከተተችው።

«ድንጋይ» አለች አንዷ ከበሩ ሥር።

ከዚያ የጂቱ እጅ ተነሳና ደረቷን መታች። አንዴ። አንዴ። ቆም፣ ከዚያ ሦስት ፈጠን ፈጠን። እንደገና አንዴ። አንዴ። የጉታ ካርታ አየር ላይ ቀረ። ማርቆስ መዳፎቹን ጭኖቹ መሀል ቀበራቸው፤ ያንን የዘፈኑን ምት ያጨበጨበው እሱ ነው፣ እጁ ሳያስበው እንዳይከተላት ፈርቶ ነው።

ጃኬታሙ ቀና አለ። ንፍሮው አፉ ውስጥ እንዳለ ማኘክ አቆመ።

«ይቺ ልጅ ማናት?»

ጉታ ካርታውን ጣለ። «ስሟን አላውቅም።»

«አንተ ሰፈሩን ሁሉ ታውቅ የለ እንዴ?»

«የማውቀው ስልካቸውን ነው። ለቅሶ ልትደርስ የመጣች ልጅ ትሆናለች። ተራህ ነው፣ ጣል።»

ሰውዬው አልጣለም። ጆሮው ወደ በሩ ነው።

ውስጥ አዴ ጠጅቱ ማልቀሳቸውን አቁመው አንገታቸውን ዘመም አድርገዋል። ለልጃቸው ምሳ ይዘው ሲሄዱ ያንን ምት ከእንቁላል ካርቶኑ ጀርባ ስንት ቀን ሰምተውታል። ልጅቷን አዩዋት። በበሩ በኩል ድንኳኑን አዩ፣ ካርታ ይዞ የማይጥለውን ሰውዬ አዩ።

በዳዴ ተጠግተው ጂቱን ደረታቸው ላይ ለጠፏት፤ የምትመታበት እጇ መሀላቸው ተቀበረ። «ጨል ጄዲ» አሏት በጆሮዋ፣ «ዝም በይ ልጄ።» በመዳፋቸው አፏን ከደኑ። ከዚያ በዚያ በተዘጋ ጉሮሮአቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ፣ ራሳቸው ሙሾውን ጀመሩ። መዳፋቸውን ከልጅቷ አፍ ላይ አላነሱትም።