ሰማንያው ቀን ሳይሞላ

ድንቄ ከወደቡ የጽዳት ሥራዋ ተመልሳ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ያለውን የፎቅ ቤታቸውን ደረጃ ስትወጣ ሦስት ጊዜ ቆማ አረፈች። ሳሉ ከያዛት ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቤት የምትጠብቃት አራስ ልጇ ሄለን ናት። ሴት ልጇን ሊሂን ከወለደች ዛሬ ሃምሳ አንድ ቀኗ ነው።

በኦሪቱ ሕግ ሴት ልጅ የወለደች አራስ ሰማንያ ቀን ከሰው ተለይታ ትቆያለች፤ ድንቄ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ጎንደር ሳሉ አራስ የብቻዋ ጎጆ ነበራት። ምግቧ ጎጆዋን ከከበበው የድንጋይ ክብ ማዶ ይቀመጥላታል እንጂ ማንም አይጠጋትም። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፎቅ ቤት ውስጥ፣ ጎጆ ከየት ይምጣ? የራሷን መኝታ ቤት ለቀቀችላትና እንግዳ የተባለን ሁሉ ከበር መለሰች። ከክርያት ያም ከተማ ድረስ የመጣውን የገዛ ወንድሟን ውድነህን እንኳ አላስገባችም። እሷ ግን በየቀኑ ገብታ ሕፃኗን ታቅፋለች፤ ከእሷ ሌላ ማን አለና!

ሄለን ሕፃኗን እንደታቀፈች በሩን ከፈተችላት። «እማዬ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሺራዝ ደግማ ደወለች። የሊሂን የሳንባ በሽታ መከላከያ ነገ ኑና ውሰዱ ትላለች። የሚሰጠው በብርዱና በዝናቡ ወራት ነው፤ ከዚያ በፊት ስለተወለደች ሆስፒታል አልሰጧትም።»

«ሰማንያው ሲሞላ ትወስጃታለሽ። ክትባቱ የት ይሄዳል?»

«ይሄ እንደ ሌላው ክትባት አይደለም። ሌላው ሰውነቷ መዋጋት እስኪማር ጊዜ ይፈልጋል። ይሄኛው ተሠርቶ ያለቀ ተዋጊ ነው፤ ከገባ ጀምሮ ይጠብቃታል፣ ከወራት በኋላ ያልቃል።»

«እንደ እኔ በሠራተኛ አቅራቢ፣ በቃብላን፣ የተቀጠረ ነው በይኛ፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ የሚሰናበት!» ልታስቃት ፈልጋ ነበር፤ ሳሉ ቀደማት።

ሄለን አልሳቀችም። «የላይ ፎቅ ጎረቤታችን ሕፃን በዚሁ በሽታ ሆስፒታል ገብታ ኦክስጅን ላይ ናት። በሽታውን ያጋባባት ታላቅ ወንድሟ ነው። እሱን ትንሽ አስሎት ተወው። እሷን ግን…»

ድንቄ ሕፃኗን ልትቀበል የዘረጋቻቸውን እጆቿን አየቻቸው። ትናንት ታቅፋታለች፤ ከትናንት ወዲያም። ሰውን ሁሉ ከበር ስትመልስ ከርማ፣ በሽታ ይዛ የምትገባው እሷው ራሷ ሳትሆን አትቀርም። አፈረች፤ ከማፈሯም ይልቅ ፈራች።

እጆቿን ሰብስባ ወደ ደረጃው አፈገፈገች። «ነገ በጠዋት ውሰጃት።»

«ሰማንያውስ?»

«ለአምላኬ መልሱን እኔ እሰጣለሁ። ውሰጃት አልኩሽ!»

ደረጃው ላይ ቁጭ ስትል የቀኑ ድካም ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። «ምግቤን ደፉ ላይ አስቀምጪልኝና ግቢ። እንዳትጠጊኝ። በልቼ ውድነህ ጋ እሄዳለሁ፤ ካስገባኝ።»

ሄለን ሳህኑን ከደፉ ማዶ አኑራ በሩን ዘጋች። ከውስጥ ሊሂ አለቀሰች። ድንቄ ልትነሳ ቃጣት፤ ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።