ኖራ ያልነካው ሥዕል

በሆላንዷ የባሕር ዳር መንደር ካትዋይክ ውስጥ ሰው ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ደጃፉ ላይ በገለባ የተሞላ አሻንጉሊት ይቆምለታል፤ ለወንድ አብርሃም፣ ለሴት ሣራ። በእነሌንቼ ቤት ግን ሁለቱም ቆመው አያውቁም። እናቷ በአርባ ሰባት ዓመቷ አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞተች። ወንድሟ ክሬይን በአርባ ዘጠኝ ተከተላት። መንደሩ በሽታውን በስሙ አይጠራውም፤ «የዘር ነገር» ብሎ ያልፈዋል። ሌንቼም ዘሩ በእኔ ይብቃ ብላ ሳታገባ፣ ሳትወልድ ቀረች።

ነገ ሃምሳ ዓመት ይሞላታል። የክሬይን ሚስት ኔል ከማለዳ ጀምሮ ሣራን ገለባ ስትጠቀጥቅ ነበር።

«ደረቷን አሳነስሽባት እኮ!» አለቻት ሌንቼ።

«ምን ላድርግ፣ ያንቺን አይቼ ነው!»

ሌንቼ እየሳቀች ወደ ላይደን ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረች። እዚያ ሆስፒታል ለጥናት ብለው ደሟን ከወሰዱ፣ ጭንቅላቷንም በየዓመቱ በመሣሪያ ፎቶ ማንሳት ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ውጤቱን ግን «አትንገሩኝ» ብላ ኖራለች። ዛሬ «ንገሩኝ» አለች።

ሐኪሟ ሥዕሉን አበራችላት። ሌንቼ የምትፈልገውን የበሽታ ምልክት ታውቃለች። የክሬይንን ሥዕል አብራው አይታለች፤ ከጭንቅላቱ በስተኋላ፣ በደም ሥሮቹ ላይ፣ በውኃ ማፍሊያ ውስጥ እንደሚጋገር ኖራ ያለ ነጭ መስመር ነበረው።

«የታለ?» አለች።

«የለም። ደምዎም ነጻ ነው። አልወረሱትም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስጠብቅ ነበር?»

ሐኪሟ እጇን ያዘቻት።

ከአውቶቡሱ ወርዳ በቀጥታ ወደ ኔል ቤት ገሰገሰች። ወሬው አፏ ላይ ደርሷል። ወጥ ቤት ያገኘችው ግን የክሬይንን ልጅ ዮብየን ነው፤ የአምስት ወር ሆዷን ይዛ ዓሣ ትጠብሳለች። ዮብየ የአባቷ በሽታ ይኑርባት አይኑርባት እስከ ዛሬ አልተመረመረችም።

«መጣሽ አክስቴ? ዘንድሮም ‹አትንገሩኝ› ብለሽ ወጣሽ አይደል? ፈሪ!»

ሌንቼ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች።

«ግድ የለም፣ እኔም ፈሪ ነኝ» አለች ዮብየ ሳህን እያቀረበች። «አንቺ ባትኖሪ ግን ብቻዬን እንዴት እችለው ነበር?»

«ውጤቱን አልጠየቅኋቸውም» አለች ሌንቼ።

ዮብየ ወንበሯን አስጠግታ የአክስቷ ትከሻ ላይ ተደገፈችና መብላት ጀመረች። ሌንቼ ልጅቱ በልታ እስክትጨርስ ድረስ ንቅንቅ አላለችም።