የድንኳን ቦታ

ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በጋሽ መሸሻ ግቢ ያለውን የመዋኛ ገንዳ ያህል ስሙ የገነነ ነገር በኮልፌ ምድር አልነበረም። በመሸሻ አፍ ገንዳው መርከብ ያስገባል። ዓሣ ነባሪ ቢለቀቅበት ጭራው ግድግዳ ሳይነካ ይዞራል። ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን በላዩ ሲያልፍ አብራሪው ለተሳፋሪዎቹ "በስተቀኝ ተመልከቱ" ይላቸዋል። ወለሉ ላይ በፈሰሰው ሲሚንቶ ደግሞ አንድ ኮንዶሚኒየም እስከነደረጃው ይቆም ነበር። እንዲያው ለነገሩ፣ አንድ ረዘም ያለ ሰው ገብቶ ሁለቴ እጁን ቢያወናጭፍ ግንባሩ ከግድግዳው ይጋጫል። መሸሻ ግን ዋና ስለማይችል ይህን የሚያጣራበት አጋጣሚ አላገኘም።

ያስቆፈረው ማዞሪያው ላይ ያለው የቧንቧ ዕቃ ሱቁ ደህና በሚሸጥበት ዘመን ነው። ሳንሱሲ ሰፈር ቤት የሠራ አንድ ደንበኛው "ግቢዬ ውስጥ ፏፏቴ አስገባሁ" ብሎ ፎቶ አሳየው። መሸሻ ምሳው አልዋጥልህ አለው። በማግስቱ ቆፋሪ ጠራ። ሚስቱ ማኑሄ በረንዳው ላይ ቆማ ጓሮዋ ሲቦረቦር እያየች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

"መሼ፣ ድንኳንስ የት ሊተከል ነው?"

"የምን ድንኳን?"

"የሰው ቤት አይደለም እንዴ? ሠርግ አለ፣ ሐዘን አለ።"

"በዚህ ቤት ማን ሊሞት ነው?" አለ መሸሻ፣ ቆፋሪዎቹም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። "እኔ እንደሆንኩ አልሞትም። አንቺንም አላስነካ!"

ቆፋሪዎቹ ሳቁ። ማኑሄም ሳቀች። የሠርጉን ነገር ማንም መልሶ አላነሳው፤ ልጅ አልወለዱም።

አምና በሰኔ ማኑሄ ታመመች ሳይባል ሞተች። እድርተኛው ድንኳኑን ተሸክሞ መጣ፣ በሩን አልፎ ገባና ቆመ። ከፊት ለፊት የመኪና ማቆሚያ፣ ከኋላ ውሃ። የእድሩ ዳኛ መዝገቡ፣ የመሸሻ የልጅነት ጓደኛ፣ ግራ ቀኙን አየና "እንግዲህ ለቀስተኛውን የዋና ልብስ አናለብሰው" ካለ በኋላ ምላሱን ነከሰ። ድንኳኑ አጥር ለአጥር በሚዋሰነው በጎረቤቱ በእትዬ ወለተጻድቅ ግቢ ተተከለ።

መሸሻ ለገዛ ሚስቱ ሐዘን ጎረቤት ሄዶ ተቀመጠ። ሰው እየገባ "እግዚአብሔር ያጥናህ" ሲለው እንደ እንግዳ አንገቱን ይደፋል። ንፍሮው በሰው ሳህን፣ ውሃው በሰው ብርጭቆ። አብረውት ሊያድሩ የመጡትም የሚያድሩት ድንኳኑ ውስጥ ነው። እሱ ልብስ ሊቀይር ብሎ ወደ ቤቱ ሲሻገር፣ "ደህና ዋሉ" ብሎ እንደማንኛውም ለቀስተኛ ነጠላውን አስተካክሎ ይወጣል። ከአጥሩ ወዲያ ለማኑሄ ይለቀሳል፤ ከአጥሩ ወዲህ፣ በማኑሄ ቤት፣ ኮሽ የሚል የለም።

ከዚያ ወዲህ በሩን ዘጋው። ውሃው አረንጓዴ ለበሰ። እንቁራሪቶች ገቡበት። መሸሻ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ "ከውጭ ያስመጣኋቸው ናቸው። ጩኸታቸውን የሰሙ ከሰበታ ድረስ አቤት ብለው መጥተዋል" ይላል። ማታ ግን መስኮቱን ከፍቶ ያዳምጣቸዋል። በዚያ ቤት ከሱ ሌላ ድምፅ ያላቸው እነሱ ብቻ ነበሩ።

ፋሲካ አልፎ የማኑሄ ሙት ዓመት ሲቃረብ መዝገቡ ዘንድ ሄደ።

"ለሙት ዓመቱ ድንኳኑ በኔ ግቢ ነው የሚተከለው" አለው።

"በጀልባ ነው በእግር?"

"ሳቅ አንተ። ገንዳውን ልደፍነው ነው። እንደሱ ያለ ድፍን በዚህች ከተማ ታይቶ አይታወቅም።"

መዝገቡ ፈገግታውን ሰበሰበ። "ድንኳኑስ ይተከል። ሰውስ? በርህ እኮ እንደተዘጋ ከረመ፣ መሸሻ።"

"ኮልፌ ሙሉው ይመጣል! የዘነበወርቅ ሰፈር ይመጣል! መንገድ ይዘጋል፣ ትራፊክ ፖሊስ ካሁኑ ይነገረው!"

ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን የመዝገቡ ጥያቄ እግር በእግር ተከተለው። እሱ ራሱ የማን ድንኳን ውስጥ ነው አርፎ የተቀመጠው? ብቅ ይላል፣ ቆሞ ስለ ገንዳው ያወራል፣ "ሱቁን ዘግቼ አልመጣሁም" ብሎ ይሄዳል። ለሰው ሲያለቅስ የምትውለው ማኑሄ ነበረች። አሁን የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቀን፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ሰው በሱ ግቢ ተቀምጦ የማኑሄን ስም ሲያነሳ መስማት።

ገንዳውን በፓምፕ አስመጠጠ። መንገድ ከሚቆፈርበት አፈር የጫነ ሲኖትራክ በግቢው በር አልገባ ብሎ ደጅ ላይ ደፋው። የቀን ሠራተኞች በባሬላ እያመላለሱ ገለበጡት። እትዬ ወለተጻድቅ በአጥሩ ቀዳዳ ሲመለከቱ ዋሉ።

"መሸሻ! ወለሉን አስሰበርከው?"

"እትዬ፣ ያ ወለል ይሰበራል ብለው ነው? በድማሚት አይሰበርም! ታንክ ቢያልፍበት ታንኩ ነው የሚጎዳ!"

"ክረምቱ እየገባ ነው። የሚገባው ውሃ በየት ይውጣ?"

"ውሃ ደግሞ መሸሻን ሳያስፈቅድ ይገባል?"

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። የቧንቧ ሰው ነህ።"

ያውቃል። መግቢያ ያለው ውሃ መውጫ እንደሚፈልግ ዕድሜውን ሙሉ ባንኮኒውን ተደግፎ ለደንበኛ ሲያስረዳ የኖረ ሰው ነው። ግን አይሰበርም ሲል የኖረውን ወለል ዛሬ ድጅኖ ይዞ መግጠም ሌላ ነገር ነው። ሠራተኞቹ አፈሩን ሞልተው ደለደሉት። መሸሻ ከበረንዳው ወርዶ በላዩ ተራመደ። በገዛ ጓሮው ቀጥ ብሎ ሲሻገር ስንት ዓመቱ ነው! በጓሮው ጫፍ ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር ደርሶ ዞር አለ፤ "አየሽልኝ?" ሊል ነበር። በረንዳው ባዶ ነው።

የሙት ዓመቱ ዋዜማ ጠዋት መዝገቡ ድንኳኑን አስይዞ መጣ። ሚሊዮንና ሀምዳን የሚባሉ ሁለት የሰፈር ጎረምሶች ምሰሶዎቹን ተሸክመዋል። ሲዘንብ ነው ያደረው። ሚሊዮን የመጀመሪያውን ምሰሶ ሲተክል ምሰሶው ገንፎ ውስጥ እንደገባ ማንኪያ ሰመጠ። ሁለተኛውም ተከተለ። ሸራው ሲወጠር ድንኳኑ እንደ ሰካራም ወደ አንድ ጎን ተንጋደደና ቀስ ብሎ ተኛ። ሀምዳን እግሩን ሲያነሳ ጫማው እዚያው ቀረ።

"ጋሼ፣ ይሄ ግቢ ጫማዬን በላው እኮ!"

"መሸሻ" አለ መዝገቡ፣ "አንተ ገንዳውን አልደፈንከውም። አጨቀየኸው እንጂ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የእትዬ ወለተጻድቅ ግቢ ደረቅ ነው።"

መሸሻ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ስለ አፈሩ ጥራት፣ ስለ ዘንድሮ ዝናብ፣ አንድ ሺህ ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። "እስከ አስር ሰዓት ጠብቀኝ" ብቻ አለ። "ጎረቤት አትውሰድብኝ፣ መዝገቡ። ሁለተኛ አትውሰድብኝ።"

ሰዎቹ ሲወጡ ሱሪውን ጠቅልሎ አካፋውን አነሳ። ወለሉን አግኝቶ ካልሰበረ ውሃው አይወጣም። ቆፈረ። የቆፈረውን ጉድጓድ ጭቃው መልሶ ሞላው። እንደገና ቆፈረ። ላቡና ጭቃው ተቀላቅሎ መልኩ እስኪጠፋ ሲታገል፣ እትዬ ወለተጻድቅ ከአጥሩ ወዲያ ትንሽ አዩትና ወደ መንገዱ ዞረው ተጣሩ።

"አንቺ ኢፍቱ! በላይነሽ! ሜሪ! ባልዲ ይዛችሁ ኑ!"

ሴቶቹ በሩን ገፍተው ገቡ። መሸሻ አንዷንም ግቢው ውስጥ አይቶ አያውቅም። ከሁሉም በዕድሜ ታናሿ ኢፍቱ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ አየችው።

"ጋሼ፣ እሱጋ አይደለም። ጥልቁ በዚህ በኩል ነው፤ ከሎሚው ዛፍ ትይዩ።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሜሪ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

"እርስዎ ይንገሩት እንጂ፣ እትዬ" አለች ኢፍቱ።

እትዬ ወለተጻድቅ ዱላቸውን ጭቃው ላይ ተከሉ። "እንግዲህ ማኑሄ ሞታ የለ፣ አትቆጣት። ቧንቧው ሲጠፋ በርህ ለኛ ክፍት ነበር። አንተ ወደ ሱቅ፣ እኛ ወደ ውስጥ። ለልብስ፣ ለወለል፣ ለሽንት ቤት የምንቀዳው ካንተ ባሕር ነው። ከመምጣትህ በፊት ዱካችንን በመጥረጊያ እናጠፋ ነበር።"

መሸሻ አካፋውን ተደገፈ። ውሃው ሁልጊዜ ይጎድል ነበር። እሱም በየሄደበት "የኮልፌ ፀሐይ በቀን አንድ ቦቴ ትጠጣለች! ሰሃራ ምን አላት!" ይል ነበር። ማኑሄ አጠገቡ ቆማ፣ "እውነቱን ነው፣ የዘንድሮ ፀሐይስ ጉድ ነው" ትላለች። ፊቷ ላይ አንድ መስመር እንኳ ሳይንቀሳቀስ።

"ማኑሄ የገንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ እግሯን ውሃ ውስጥ ትነክራለች" አለች በላይነሽ። "ጄሪካናችን ሞልቶ እንኳ አንሄድም ነበር። ልብሱንም እዚሁ አጥበን፣ እሷን ስንሰማ..."

"እርስዎን ስታስመስል መስማት ነበር፣ ጋሼ!" አለች ኢፍቱ። ደረቷን ነፋች፣ ድምፅዋን አወፈረች። "'ዓሣ ነባሪ ጭራው ሳይነካ ይዞራል!'"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ወዲያው ደንግጠው ባልዲዎቻቸውን አነሱ።

"ሌላስ?" አለ መሸሻ። "ሌላስ ምን ትል ነበር?"

"ኧረ ብዙ ነው፣ ጋሼ። እየሠራን እንንገርዎ።"

በሎሚው ዛፍ ትይዩ ቆፈሩ። ውሃውን በባልዲ እየተቀባበሉ ከአጥሩ ውጪ ደፉት። ወለሉ ሲገኝ መሸሻ ድጅኖውን አነሳ። እስከ መስቀል የሚታገለው መስሎት ባለ በሌለ ኃይሉ ወረደበት። ወለሉ እንደ ምጣድ ክዳን ተሰነጠቀ። ድጅኖው እስከ እጁ ድረስ ገባና ከሥሩ ለስላሳ የኮልፌ አፈር አገኘ። ወለሉ ስስ ነበር፤ ውፍረቱ አንድ መዳፍ የማይሞላ።

ቀና አለ። ሴቶቹ ሁሉ አይተዋል።

"እንዴት ያለ ጠንካራ ነገር ነው ባክህ!" አሉ እትዬ ወለተጻድቅ፣ ፊታቸው ላይ አንድ መስመር እንኳ ሳይንቀሳቀስ።

ውሃው እያንጎራጎረ ወረደ። ጉድጓዱን በድንጋይና በጠጠር ሞሉት። መዝገቡ በአስር ሰዓት ሲመጣ ሳንቃ አነጠፈ፣ ምሰሶውም ቆመ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የሰፈሩ ሴቶች፣ ከዚያ ባሎቻቸው፣ ከዚያ መሸሻ ስማቸውን እንኳ የማያውቃቸው የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰዎች። አግዳሚው አልበቃ ብሎ ከእትዬ ወለተጻድቅ ወንበር መጣ። እንዲህ ያለ ሰው ለማንም ነጋዴ፣ ለማንም ባለሥልጣን ወጥቶ አያውቅም፤ ይህን ደግሞ ማንም ማጋነን አላስፈለገውም። ሁሉም ስለ ማኑሄ ያወራል። አንዷን ምጥ ሲይዛት ታክሲ ለምና አሳፍራታለች። የአንዱን ልጅ የትምህርት ቤት ልብስ በገንዳው ውሃ አጥባለች። መሸሻ ጠላ እየቀዳ ከአግዳሚ አግዳሚ ይዞራል። ብርጭቆው ሞልቶ ሲፈስ እንኳ ጆሮው ከወሬው አይነሳም። ሃያ ምናምን ዓመት አብሯት የኖረውን ሴት ከሌሎች አፍ እየቃረመ ነው።

"በል አንተም አንድ ነገር በል" አለው መዝገቡ። ሰው ሁሉ ለሳቅ ተዘጋጀ።

መሸሻ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆመ። "ማኑሄ..." አለ። ፈለገ፤ ሌላው ያልተናገረው፣ እሱ ብቻ የሚያውቀው አንድ ነገር። አብረው በነበሩበት ጊዜ ሁሉ ሲያወራ የነበረው እሱ ነው። "ብሉ" አለ በመጨረሻ። "ጠጡ። አልነካችሁትም እኮ።"

ሰው ሲበተን እትዬ ወለተጻድቅን በሩ ጋ አስቆማቸው።

"የምትቀመጥበት ደረጃ የቱ ጋ ነበር?"

እትዬ ትንሽ አሰቡና በዱላቸው ጫፍ አፈሩን ነካ አደረጉለት።

ድንኳኑ ፈረሰ። በሳምንቱ ቧንቧው ጠፋ። መሸሻ ከሱቅ ቀደም ብሎ ተመልሶ የብረት በሩን ሁለቱንም ተከፋች ወለል አድርጎ ከፈተው። ወንበሩን አውጥቶ፣ እትዬ ባሳዩት ቦታ ላይ አስቀመጠና ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ። እንቁራሪት የለም። ውጪ መንገዱ ላይ ሴቶች ቢጫ ጄሪካን አንጠልጥለው ወደ ታች ይወርዳሉ። ኢፍቱ በበሩ በኩል ስታልፍ አየችውና ቆመች።

"ጋሼ፣ ደህና ዋሉ?"

"ደህና። ግቢ እንጂ፣ ኢፍቱ። ተቀመጪ፣ እንጫወት። በሩ ክፍት ነው።"

ኢፍቱ ደልደል ያለውን አፈር አየች። በእጇ ያለውን ባዶ ጄሪካን አየች።

"በሌላ ቀን፣ ጋሼ። ዘነበወርቅ ድረስ ነው የምንወርደው፤ ሰልፉ ሳይረዝም።"

ሄደች። ባዶዎቹ ጄሪካኖች እርስ በርስ እየተንኳኩ መንገዱን እስኪጨርሱ ድረስ ሰማቸው። በሩን አልዘጋም።