አስታው ከተቃጠለ በኋላ

የሰዓዲያ ቦት ጫማ አልጋዋ ሥር መቅረቱን ያየሁት የተሳፈረችበት መኪና ደብረ ታቦርን ከለቀቀ በኋላ ነው። ልጄ ጉና ተራራ የሄደችው ኮንጎ ጫማዋን አድርጋ ኖሯል።

ለሌላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ነው። ሰዓዲያ ግን የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጥናቷን የምትሠራው መብረቅ ባቃጠለው የአስታ ጫካ ላይ ነው፤ መሬቱ ከነደደ ገና ሦስት ቀኑ። እሳት በአስታ ሥር ገብቶ ከአፈር በታች እንደሚሰነብት የጉና ሰዎች ሱቃችን ሲመጡ ነግረውኛል። ፕላስቲክ ደግሞ ይቀልጣል። ስልኳ አይሠራም።

«ደርሳ ትደውላለች» አለ ባለቤቴ ሸሪፍ።

«እግሯ ከቀለጠ በኋላ?»

«የሚቀልጠውስ ጫማው ነው።»

አልሳቅሁም። ቦቱን በፌስታል አድርጌ ወጣሁ። «ይዣት እመለሳለሁ፤ ጥናቱ ይቅርባት» አልኩት። ከቀረባት ምረቃዋም ለከርሞ እንደሚተላለፍ አውቃለሁ። በሕይወት ካለች ለከርሞም ትመረቃለች።

መኪና ጉና ሥር ካወረደኝ በኋላ፣ ተማሪ ሳለን በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያልን በአንድ ትንፋሽ እንጠራው የነበረውን አገር በእግሬ ወጣሁት። ባሕር ዛፉ ሳሳ፤ ገብሱና ድንቹም ከኋላዬ ቀረ። ከዚያ አስታ ብቻ፣ ከዚያ ጥቁር መሬት። ከአመዱ መካከል ዘንባባ የመሰሉት ጅብራዎች አናታቸው እንደለመለመ ቆመዋል። ሰዓዲያ እዚያው ቁጢጥ ብላለች።

«ሰዓዲያ! ውጪ ከዚያ!»

ደንግጣ ተነሣች። «እማ! አባዬ ምን ሆነ?»

አጠገቧ የነበሩት ሽማግሌ፣ የሚያሳድሯት አያ በላይነህ፣ ዱላቸውን ተደግፈው አዩኝ። «አንቺ ሴት፣ እሳቱ ጠፋ እኮ፤ አንቺ ግን ገና ትጨሻለሽ!»

«በኮንጎ አመድ ላይ አስገብተዋት ይቀልዳሉ?»

«እኔ ፊት ፊት እየሄድኩ አፈሩን በዱላ እወጋለሁ። ጭስ ካለ ዞር ነው። ቢሆንም ጫማውን እንኳን አመጣሽው።»

«አድርጊና እንሂድ» አልኳት።

ቦቱን አድርጋ ክንዴን ያዘችኝ። «እንሄዳለን። በመጀመሪያ ይሄን እይልኝ።»

ወደ ቀጣዩ የተራራው ወገብ ወሰደችኝ። ከዓመታት በፊት የተቃጠለ ነው። ከየጥቁሩ ጉቶ ሥር ለምለም ቡቃያ ተነሥቷል፤ በመሃሉ ጓሳ ሣር በቅሏል፤ በጎች ይግጣሉ። ከዚያ ማዶ ያለውን አሳየችኝ። እሳት ነክቶት የማያውቅ ሽማግሌ አስታ ነው፤ ሽበት የመሰለ ክር ተንጠልጥሎበታል፣ ውስጡ ደረቅ እንጨት የሞላው፣ ሥሩ ጨለማ፤ ሣር የለውም።

«እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው» አለች። «እዚህ ቢያያዝ መንደሩ ድረስ ይወርዳል።»

«አንቺም ትፈሪያለሽ?»

«የማን ልጅ ነኝና?»

አያ በላይነህ ሳቁ። «አባቶቻችን ለግጦሽ ብለው ሲያቃጥሉ ሁሉን ባንዴ አያነዱም ነበር። አንዱን ወገብ ሲያሳርፉ ሌላውን፤ በተራ። ቶሎ ቶሎ ከተለኮሰ ግን ሥሩም ይሞታል።»

«ስንት ዓመት ማረፍ እንዳለበት ነው ማወቅ የምፈልገው» አለች ሰዓዲያ። «ለዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እዚህ መሆን አለብኝ። አሁን ከወረድኩ ምን ቀድሞ እንደበቀለ አላይም።»

ሰማዩን አየሁ። ከምሥራቅ ደመና እየተሰበሰበ ነበር። ሳል፣ ብርድ፣ ናዳ፣ ሁሉም ታየኝ።

«ጋቢ አለሽ?»

«አለኝ።»

«መብረቅ ቢመጣስ?»

ደመናውን ቀና ብላ አየች። አትዋሽም ልጄ።

«መብረቅማ ደብረ ታቦርም ይወርዳል» አሉ አያ በላይነህ። አላጽናናኝም፤ ግን እውነት ነው። ክንዷን ለቀቅሁ።

«ሥሪና ነይ» አልኳት።

ቤት ስደርስ ሸሪፍ ከኋላዬ ሰው ፈለገ። «የታለች?»

«ጉና።»

«ይዣት እመለሳለሁ አላልሽም?»

«ብዬ ነበር።»

ከዒሻ ሶላት በኋላ ቁልፉን ይዞ በሩ ጋ ቆመ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ውጭ እያለ ቆልፈን አናውቅም። ወደ ጉና በኩል ሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ፤ ዝናቡ ጀምሮላታል ማለት ነው።

«ትንሽ እንጠብቅ?» አለኝ።

«ዛሬ አትመጣም» አልኩትና ቁልፉን ከእጁ ወስጄ በሩን ቆለፍሁ።